ሴቭ ስቴት ኩረጃ ነው (ረዥም ነው፣ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ)

ከድሮ ተማሪዎቼ ጋር ቴሌግራም ላይ የጀመርነው ክርክር አላልቅ ስላለ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። እዚያ ሁሉም በድምፅ ነው የሚጨቃጨቀው። አንዱ የ4 ደቂቃ መልእክት ይልካል፣ ሌላው ሳያዳምጥ ይመልሳል። በጽሑፍ ሲሆን ቢያንስ ያልኩትንና ያላልኩትን ለይታችሁ ትይዙኛላችሁ።

አቋሜ ይሄ ነው። "የመከራ ዋሻ"ን ሴቭ ስቴት እየጫነ ወርዶ፣ 50ኛው ክፍል ላይ ስክሪንሾት አንስቶ "ጨረስኩት" ብሎ የለጠፈ ልጅ አልጨረሰውም። ኮርጆ ነው የደረሰው።

"ቲቸር ደግሞ ምን ነካው?" ለምትሉ የሥራ ባልደረቦቼ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምታውቁት ልጆች ይሄን ዝለሉት።

ጌሙ "ዘ ሌጀንድ ኦቭ ዜልዳ፦ ትዋይላይት ፕሪንሰስ" ይባላል። ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው። ሊንክ የሚባል የገጠር ፍየል ጠባቂ ከመንደሩ ወጥቶ ሰይፍ ይይዛል፣ በየቤተ መቅደሱ ይዋጋል፣ አገር ያድናል። ታሪኩ በአጭሩ ይሄው ነው። ከታሪኩ ጎን ግን በረሃው ውስጥ አንድ ጉድጓድ አለ። ስሙ ኬቭ ኦቭ ኦርዲልስ ነው፤ እኛ "የመከራ ዋሻ" እንለዋለን። አንዱ ከአንዱ በታች የተደረደረ 50 ክፍል ነው። የገባህበት ክፍል ውስጥ ያለውን ጠላት በሙሉ ካላጠፋህ ወደ ታች የሚወስደው በር አይከፈትም። በየ10 ክፍሉ አንዲት ግሬት ፌሪ የምትባል እመቤት ትታይና ልትወጣ ትፈልግ እንደሆነ ትጠይቅሃለች። ከወጣህ ወጣህ፤ ብትመለስ ከ1ኛው ክፍል ነው። ከሞትክም ከ1ኛው። ሴቭ አድርጌ ነገ እቀጥላለሁ ብትል ነገ የምትነሣው ከዋሻው በር ነው።

ዋናው ነገር ደግሞ ማንም ግባ የሚልህ የለም። ታሪኩን ለመጨረስ ዋሻው አያስፈልግም። ሽልማቱም ይሄ ነው የሚባል አይደለም፤ መጨረሻ ላይ በጠርሙስ የምትቀበለው እንባ አለ፣ ጤናህን ይሞላል፣ ለጥቂት ጊዜ ክንድህን ያበረታል፣ አለቀ። እሱን ለመቀበል የበቃ ሰው እሱ አያስፈልገውም። ቦነስ የሚባለው እንግዲህ ይሄ ነው። (እኛ ትምህርት ቤት ቦነስ ማለት የ5 ማርክ ስጦታ ነው። ጌም ሠሪዎቹ ጋ ቦነስ ማለት ከሁሉም የከበደው ቦታ ነው። ይቺ ልዩነት ሁሌ ታስቀኛለች።)

ሴቭ ስቴት ደግሞ የጌሙ አካል አይደለም። የሚሰጠው ዶልፊን የሚባለው ኢሙሌተር ነው፤ የድሮውን የጌም ማሽን ላፕቶፕህ ላይ የሚያስመስለው ፕሮግራም ማለት ነው። ሺፍትና ኤፍ1 አንድ ላይ ስትጫን ያቺን ቅጽበት እንዳለች ያስቀምጣታል። ኤፍ1 ብቻ ስትጫን መልሶ ያመጣታል። ስንት ልብ እንደቀረህ፣ ጠላትህ ሰይፉን እስከየት እንዳነሳ፣ ሁሉም እንደነበረ። ተመታህ? ኤፍ1። ሞትክ? ኤፍ1። ቀስት አባከንክ? ኤፍ1።

አሁን ወደ ጠቡ እንግባ።

ልጁ የላከልኝ መከራከሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ቲቸር፣ ዋናው መድረሱ አይደል እንዴ?" ሌሎቹ በፈገግታ ምልክት አጀቡት። እኔን ግን ይቺ ዓረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሳችኝ፣ ለዚህም ነው ይሄን ሁሉ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው፤ ሒሳብ አይዋሽም። አንድ ተጫዋች እያንዳንዱን ክፍል በሕይወት የማለፍ ዕድሉ ከ100 ዘጠና ነው እንበል። 90 ጎበዝ ነው አይደል? ክፍል ውስጥ 90 ያመጣ ልጅ ይጨበጨብለታል። ግን 50 ክፍል በተከታታይ ማለፍ አለበት። 0.9ን ለራሱ 50 ጊዜ አባዙት። የሚወጣው ግማሽ በመቶ ነው፣ ከ200 ሙከራ አንዴ ማለት ነው። 95 ከሆነ ከ13 ሙከራ አንዴ። 99 ሲሆን ግን ከ100 ሙከራ 60ውን ይጨርሳል። ዋሻው የሚጠይቀው እንግዲህ ይሄን ነው። 90 ሆነህ ገብተህ 99 ሆነህ እንድትወጣ። ከ90 እስከ 99 ያለችው መንገድ ከዜሮ እስከ 90 ካለችው ትረዝማለች፣ ይሄን ዕቃ የሠራ አናጺም ሆነ መርፌ የወጋ ነርስ ያውቀዋል።

አሁን ኤፍ1ን እናስገባ። በየክፍሉ መግቢያ ላይ ታስቀምጣለህ፣ ስትሞት ትጭናለህ። እያንዳንዱን ክፍል የማለፍ ዕድልህ 50 በመቶ ብቻ ይሁን፣ ማለትም ሳንቲም ወርውረህ ዘውድ ወይስ ጎፈር የምትል ዓይነት ተጫዋች ነህ። በአማካይ 100 ሙከራ ይበቃሃል፤ ለአንድ ክፍል ሁለት። ከሰዓት በኋላ ጀምረህ ማታ ስክሪንሾት ትለጥፋለህ። ያለ ኤፍ1 ያው ሰው ስንት ጊዜ መሞከር አለበት? ሁለትን ለራሱ 50 ጊዜ አባዙት፤ ከ1,000 ትሪሊዮን ሙከራ አንዴ ነው የሚደርሰው። በሌላ አነጋገር መቼም አይደርስም።

ስለዚህ የ99ኙ ልጅና የሳንቲሙ ልጅ አንድ ዓይነት ፎቶ ይዘው ቆሙ። ያው እመቤት፣ ያው ጠርሙስ፣ ያው እንባ። ፎቶው ላይ ልዩነት የለም። ኩረጃ ማለት ሌላ ምን ትርጉም አለው? አጤሬራ ይዞ የገባና ሌሊቱን ያጠና ልጅ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው።

ደግሞ ኤፍ1 የሚሰርቀው ፎቶውን ብቻ አይደለም። መማሩንም ይሰርቃል። የመጨረሻውን ውጊያ አስቡት። ሦስት ዳርክነት ባንዴ። ዳርክነት ማለት ከራስ እስከ እግሩ ብረት የለበሰ ጦረኛ ነው፤ ታሪኩ ውስጥ መጀመሪያ ስታገኘው አንዱ ብቻውን ያስጨንቅሃል። ብረቱን ቁራጭ በቁራጭ ነው የምትገፍፈው። ገፍፌ ጨረስኩ ስትል ትልቁን ሰይፉን ወርውሮ ቀጭን ሰይፍ ይመዝና ፈጣን ይሆናል፣ አዲስ ሰው። እንግዲህ እንደዚህ ያለ ሦስት። ሦስቱን ባንዴ መዋጋት አይቻልም፤ የምትማረው አንዱን ከሁለቱ ነጥሎ ወደ ጥግ መሳብ፣ ጀርባህን ማን እንደያዘው ሳታይ ማወቅ፣ መምታት እየቻልክ አለመምታት ነው። ይሄን የምታውቀው 40 ምናምን ክፍል ወርደህ፣ ልብህ አልቆ፣ ብሳሳት ከ1ኛው ነው የምጀምረው ብለህ እጅህ ሲያልብህ ነው። ኤፍ1 ያለው ልጅ ግን ዘሎ ይገባል፣ ይሞታል፣ ይጭናል፣ እንደገና ዘሎ ይገባል። በ12ኛው ሦስቱም በአጋጣሚ ተጋጭተው ያመልጠዋል። ያቺን ዕድል ያስቀምጣታል። እንዴት እንዳለፈ ብትጠይቀው አያውቅም፤ ምክንያቱም እሱ አላለፈም፣ ዕድሉ ነው ያለፈው።

በዚህ ጌም ውስጥ የምወደው አስተማሪ አለ። ሂሮስ ሼድ ይባላል፣ አጽም የሆነ የድሮ ጦረኛ ነው። ለሊንክ ሰባት የሰይፍ ጥበብ ያስተምረዋል፣ ባንዴ አይደለም፣ ታሪኩን ሙሉ ተበትኖ። አዲሱን ከማስተማሩ በፊት ያለፈውን አሳየኝ ይላል። ካላሳየኸው አይቀጥልም። በቃ። ፕሮጀክተር የለው፣ ስልጠና አልሄደ፣ አበል አልጠየቀ። ይሄን አጽም የመምህራን ስብሰባ ላይ ቢያመጡልን ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ። ሦስት ናቸው፣ እኩል ክብደት የላቸውም።

የመጀመሪያው "ጌም ነው፣ ለመዝናናት ነው" የሚለው ነው። እሺ፣ ተዝናና! ማን ከለከለህ? ኤፍ1ም ተጫን፣ ሌላም ኮድ አስገባ፣ ዋሻውን እንደ ፓርክ ዙረው። እኔ የምጣላው "ጨረስኩት" ከሚለው ቃል ጋር ነው። መውጫውም እኮ ክፍት ነው። እመቤቲቱ በየ10 ክፍሉ የምትጠይቅህ ልታሾፍብህ አይደለም። 30ኛው ላይ በቃኝ ብሎ የወጣ ሰው 30 ክፍል አልፏል፣ ያ 30 የእሱ ነው። እኔ እስካሁን ሩቅ የሄድኩት 38ኛው ነው። "ስላቃተህ ነው የምትበሳጨው" ያልከኝ ልጅ፣ አዎ አቅቶኛል፤ 38ቴ ግን እውነተኛ ናት፣ ካንተ 50 ጋር አልለውጣትም።

ፒኤስ ቤት የምትውሉት ደግሞ ይሄን በሌላ መልክ ታውቁታላችሁ። ፊፋውን ተዉትና የ2018ቱን "ጎድ ኦቭ ዋር" የተጫወታችሁ ኒፍልሃይምን አስታውሱ። እሱም ከታሪኩ ውጪ ያለ፣ ማንም የማያስገድድህ ቦታ ነው። ክፍሎቹ በገባህ ቁጥር የሚቀያየሩ፣ መርዝ ጉም የሞላበት። የሰበሰብከውን ይዘህ በጊዜ ካልወጣህ ትሞታለህ፣ ከሞትክ የያዝከው ሁሉ ቀረ። እዚያ ማሽን ላይ ኤፍ1 የለም። በሰዓት እየከፈለ የሚጫወት ልጅ አንድ ክፍል ልጨምር ብሎ ተስገብግቦ ሁሉን ሲያጣ አይቻለሁ፤ በሚቀጥለው ሙከራ በጊዜ ወጣ። ማንም አልመከረውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የዋሻው አሠራር ራሱ ግፍ ነው የሚል ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። የመጀመሪያዎቹ 15 ክፍሎች አምስተኛ ሙከራ ላይ አሰልቺ ናቸው፣ ማንም ቢሆን ያንን አይክድም። ግን ግፍ ያለው ፈተና ማለት ያላስተማረህን የሚጠይቅህ ነው። ይሄ ዋሻ ያላስተማረህን አይጠይቅህም። እየወረድክ ስትሄድ ስፒነር፣ ባለ ሰንሰለት ብረት ኳስ፣ ዶሚኒየን ሮድ፣ ድርብ ክሎውሾት ከሌለህ የማታልፍበት ቦታ ይመጣል፤ እነዚህን ሁሉ ታሪኩ ውስጥ ሰጥቶህ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ቤተ መቅደስ መለማመጃ ሠርቶልህ ነው። ጠላቶቹንም አብዛኞቹን በፊት ታውቃቸዋለህ። አዲስ የሆነው ብዛታቸውና ቅንብራቸው ነው። እኔ ፈተና ሳወጣ እንዲህ ባወጣ ብዬ የምመኘው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፣ የሚገባውን ጊዜ ልስጠው። "ቲቸር፣ ገላን ነው ያለነው። መብራት ሲጠፋስ?"

ልክ ነው። ኔንቴንዶ ኪዮቶ ቁጭ ብሎ ይሄን ዋሻ ሲሠራ 33ኛው ክፍል ላይ መብራት ይጠፋል ብሎ አላሰበም። እኛ ጋ ግን ይጠፋል። የብዙዎቻችሁ ላፕቶፕ ደግሞ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፣ ገመዱ ሲነቀል አብሮ ይጠፋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በንጹሕ እጁ ወርዶ ትራንስፎርመር ስለፈነዳ ወደ 1ኛው ክፍል የሚመለስ ልጅ ምን ተማረ? ምንም። ዋሻው አልቀጣውም፣ ከዋሻው ውጪ ያለ ነገር ነው የቀጣው።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። ሴቭ ስቴትን እንደ ዕልባት መጠቀም ኩረጃ አይደለም። አንድ ክፍል ጨረስክ፣ አስቀመጥክ። መብራት ጠፋ። ሲመጣ ያቺኑ አንዴ ጫንክ፣ ካቆምክበት ልብና ካቆምክበት ቀስት ቀጠልክ። መጽሐፍ ስታነብ ገጹን አጥፈህ እንደመተኛት ነው። ከሞትክ ግን ሞተሃል፤ ዕልባቱን አጥፍተህ ከ1ኛው ትጀምራለህ። ዕልባት ቦታህን ይይዝልሃል፤ ኩረጃ ስሕተትህን ይሰርዝልሃል። ያው ቁልፍ፣ ያው ኤፍ1፣ ሁለት የተለያየ ሥራ። የትኛውን እንደሠራህ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

በዚሁ ልቀጥልና፣ አንዳንዶቻችሁ "በሩን በኮድ መክፈትስ?" ብላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚህ ጨዋታ ቤተሰብ ውስጥ በራቸው በችሎታ የማይከፈት ዋሻዎች አሉ። ለጌም ቦይ አድቫንስ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የወጣው "ኤ ሊንክ ቱ ዘ ፓስት" ውስጥ የአራቱ ሰይፍ ቤተ መንግሥት የሚባል ቦነስ አለ። የሚከፈተው አብሮት የመጣውን "ፎር ሶርድስ" የተባለ ጨዋታ ስትጨርስ ነው፤ እሱን ለመጫወት ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ሁለት ማሽን፣ ሁለት ካሴትና ማገናኛ ገመድ ያስፈልጋል። "ትዋይላይት ፕሪንሰስ" እ.ኤ.አ. በ2016 በአዲስ መልክ ሲወጣ የጥላዎች ዋሻ ተጨመረበት፣ ሊንክ ከዳር እስከ ዳር በተኩላ መልክ የሚዋጋበት። በሩ የሚከፈተው የተኩላ ቅርጽ ያለው አሚቦ የሚባል የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገዝተህ መቆጣጠሪያው ላይ ስታስነካ ነው! "ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ" ውስጥ ያለው የሰይፍ ፈተና ደግሞ፣ ልብስህን፣ መሣሪያህን፣ ምግብህን ሁሉ ተነጥቀህ በባዶ እጅህ የምትገባበት፣ በዶላር ከሚገዛ ተጨማሪ ጋር ነው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 የመጣው።

ገመድ የለህም፣ አሻንጉሊቱን አዲስ አበባ ዞረህ አታገኘውም፣ ዶላር የሚከፍል ካርድ የለህም። በሩን በኮድ ከፈትክ። ይሄ ኩረጃ ነው? በእኔ እምነት አይደለም። የቅጂ መብት ክርክሩ ሌላ ነው፣ እዚህ ለኔንቴንዶም ለሌላም ጥብቅና አልቆምም። እኔ የማወራው ስለ ችሎታ ነው። ፕላስቲክ አሻንጉሊት መግዛት ችሎታ አይደለም። በሩ ላይ ያገዘህ ሰው ከውጊያው ምንም አልቀነሰልህም፣ ውስጥ ያለው ሁሉ እየጠበቀህ ነው።

ይሄን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ፈተና ስናወራ ሁለቱን ሁልጊዜ እናምታታቸዋለን። "ድሃ ናቸው፣ መጽሐፍ የላቸውም፣ ላብራቶሪ የላቸውም፣ ቢኮርጁ ምን ይፈረዳል" ይላል አንዱ ወገን። ወንድሜ፣ በሩ ተዘግቶባቸው ከሆነ በሩን ክፈትላቸው! መጽሐፍ ስጣቸው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ሳይታተም በስልክ ፒዲኤፍ ስናስተምር ከርመናል፤ ስልክ ለሌለው ልጅ ፎቶ ኮፒ ማድረግ በር መክፈት ነው። መልስ መስጠት ግን በር መክፈት አይደለም፣ ውጊያውን መስረቅ ነው። ያው ድሃው ልጅ ነው ሁለቴ የሚዘረፈው።

አሁን እንቅልፍ ወደነሳችኝ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። "ዋናው መድረሱ አይደል እንዴ?"

ሁላችንም ስለ ኩረጃ የምንናገረው አንድ ሰበብ አለ፦ ፈተናው ላይ ሕይወታቸው የተንጠለጠለ ስለሆነ ነው እንላለን። ዩኒቨርሲቲ መግባትና አለመግባት፣ የቤተሰብ ተስፋ፣ የጎረቤት አፍ። እውነት አለው። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት 22 ብሔራዊ ፈተናው ወጥቶ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሲበተንና ሲሰረዝ ሁላችንም ያልነው ይሄንን ነው። እሺ፣ ታዲያ ዋሻው ላይ ምን ተንጠልጥሏል? ማን ይጠይቅሃል? ሰርተፍኬት የለ፣ ጂፒኤ የለ፣ እናትህ ዋሻው መኖሩንም አታውቅም። ምንም የማይገኝበት፣ ማንም የማያስገባህ፣ መግባቱ ብቻውን ትርጉሙ የሆነ ቦታ ገብተህ እንኳ ጣትህ ኤፍ1ን ከፈለገች፣ ነገሩ የፈተና ጫና አይደለም። ልማድ ነው። 12 ዓመት ሙሉ ቁጥሩን እንጂ መቻሉን የጠየቀህ የለም። ሮስተር ላይ 75 ካለ 75 ነህ። ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሂሮስ ሼድ አልነበረም።

ለዚህ ነው ሌላውንም ወገን የማልወደው፣ 2014 ላይ ያጨበጨበውን። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲሰጥ፣ ስልክ ሲቀር፣ ፍተሻ ሲጠብቅ፣ ከ900 ሺህ በላይ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 ደግሞ 3.2። "እውነቱ ወጣ!" ተባለ። መኮረጃውን መዝጋት ትክክል ነበር፣ አልከራከርም። ግን በዋሻው ቋንቋ ላስረዳችሁ። አንድን ልጅ ከ1ኛው ክፍል ጀምሮ በኤፍ1 አወረድከው። በየክፍሉ ሲሞት አንተው ጫንክለት፤ ቦነስ 5 ማርክ፣ ድጋሚ ፈተና ያው ጥያቄ፣ የክፍሉ አማካይ እንዳይወርድ ትንሽ መግፋት። የመጨረሻው ውጊያ በር ላይ ሲደርስ ኪቦርዱን ነጥቀህ ሦስት ዳርክነት ለቀቅክበት። ከዚያ ሲሞት "ሰነፍ ትውልድ" ብለህ ፖስት ጻፍክ። ዳርክነቱ ሥራውን ነው የሠራው። እኔን መልሱልኝ የምለው ከበሩ በላይ ስላሉት ክፍሎች ነው። የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ማነው ያሳለፈው? ማንበብ የማይችል ልጅ 9ኛ ክፍል እንዴት ደረሰ? በ2016 ቁጥሩ 5.4 ሲሆን በየገጹ ደስታ አየሁ፤ ላይኞቹ ክፍሎች ውስጥ የገባ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

"አስተማሪ ሆነህ ጌም ታስፋፋለህ" የምትሉኝን በአጭሩ፦ ልጆቹ እኔ ሳልነግራቸው ነው የሚጫወቱት። ጥያቄው ሲጫወቱ ምን ይለምዳሉ የሚለው ነው። አንድ ልጅ ማንም ሳያየው 20 ጊዜ ሞቶ 21ኛ ከ1ኛው ክፍል ከጀመረ፣ ያንን ልጅ ማታ ጥናት ላይ ቁጭ በል ለማለት ብዙ አልደክምም። ኤፍ1 የለመደውን ግን እደክማለሁ፣ እየደከምኩም ነው።

በመጨረሻ ውርርዱ። ቴሌግራም ላይ የፎከራችሁ ሁሉ፣ ከአሁን ጀምሮ ስክሪንሾት አልቀበልም። ከ1ኛው ክፍል እስከሞታችሁበት ድረስ ቪዲዮ ቅዱ። መብራት ከጠፋ የክፍሉን ቁጥርና የቀራችሁን ልብ ወረቀት ላይ ጻፉና ፎቶ ላኩልኝ፣ ሲመጣ ከዚያው ቀጥሉ። 38ን ላለፈ ማኪያቶ በእኔ፣ 50 ለደረሰ ምሳ። የጨረሳችሁ ደግሞ እንደገና ግቡ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ጠላቶቹ ይበዛሉ፣ ዳርክነቶቹም አራት ይሆናሉ። ላፕቶፑ የማይችልለት ልጅ ካለ ቅዳሜ ከሰዓት የእኔን አውሳለሁ፤ ቻርጀሩ ስለሚንሸራተት በእጅ የሚይዝለት ሰው ይዞ ይምጣ።